ገባሁ፣ ወጣሁ

ሙኒርና ባልደረቦቹ ድምፅ ይሰማባቸዋል የሚባሉ አሮጌ ቤቶችን ሲመረምሩ፣ የገዛ ድምፃቸው እንዳያሳስታቸው በር ላይ ቆመው ስማቸውን እየጠሩ «ገባሁ»፣ «ወጣሁ» ሲሉ በድምፅ መቅጃ ይቀርጻሉ። ደንቡን ያወጣችው የሙኒር ሚስት ረምላ ነበረች። እሱ ለምርመራ ሙዱላ በሄደበት ቀን ድንገት ታማ ሞተች፤ ሳይደርስ ተቀበረች። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል።

ዛሬ በጠራራ ፀሐይ ሙኒር ከረምላ እህት ከሳሊሃ ጋር ዶዮገና ያለ የድንጋይ ቤት ፈተሸ።

«ጋሼ ሙኒር፣ የሚጮኸው የላላው ቆርቆሮ ነው፤ ሌላ ምንም የለም» አለች።

በሩ ላይ ቀረጹ።

«ሙኒር፣ ወጣሁ።»

«ሳሊሃ፣ ወጣሁ።»

ሙኒር በሩን ቆልፎ ቅጂውን ከፈተ። ከሳሊሃ ድምፅ ቀጥሎ አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ረምላ፣ አልወጣሁም። ሙኒር፣ ዛሬም ጥለኸኝ ልትሄድ ነው?»