ነርሷ ከአጥር ውጭ

ነርስ መሲ የጦር ጡረተኞችን ቤት ለቤት ታክማለች አሉ። ወይ ማከም! በየወሩ ከሞላሌ ትመጣና፣ ጫማዋን ጭቃ እንዳይነካባት ከአጥር ውጭ ቆማ «አስር አለቃ፣ እንዴት ነዎት?» ብላ ትጮሃለች። ባለቤቴ ባስልዮስ ከአልጋው ላይ «እግዜር ይመስገን፣ ደህና!» ይላል። የጦር ሜዳ ቁስሉ እግሩን እየበላው፣ እሷ «ደህና» ብላ ጽፋ ትሄዳለች።

ዛሬ ደጅ ሆኜ ለአርባ ተዝካሩ ጌሾ ስወቅጥ መጣች። መሞቱን አልሰማችም፤ መች ጠይቃ!

«አስር አለቃ፣ እንዴት ነዎት?»

ገብታ ባዶውን አልጋ አይታ ትፈር ብዬ መውቀጤን ቀጠልኩ።

ከኋላዬ፣ ማንም ከሌለበት ቤት፣ «እግዜር ይመስገን፣ ደህና!» አለ።

መሲ ቀና እንኳ ሳትል ጻፈች።