አንድ ማንኪያ ማር

ማሪጎ ማር የተሞላ ማንኪያ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች። በደሴታቸው ወግ ሙሽሪት ወደ ባሏ ቤት የምትገባው አማቷ ማር ካቀመሰቻት በኋላ ነው፤ ሕጉ ወንድ ከወንድ እንዲጋባ ከፈቀደ ወዲህ ግን ለወንድ ሙሽራ ማር የያዘች እናት እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች። ልጇ ስትራቶስ ያገኘውን ሁሉ የሚያምን የዋህ ነው። ይሄ ከአቴና ያመጣው ሰውዬ ግን ዓይኑ ከጣሪያው ወደ ወይራው ማሳ ይዞራል። «ቤቱን ነው የፈለገው» አለች በሆዷ።

«በል፣ አፍህን ክፈት!»

ሰውዬው ማንኪያውን አየ፤ እሷን አየ። «እማማ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱልኝ።»

ስትራቶስ ክው አለ። ማሪጎ ግማሹን ላሰችና የተረፈውን አፉ ውስጥ ከተተችለት።

«ግባ» አለችው። «እኔ ስሞት ለዚህ ሞኝ ማን ይጠረጥርለታል እያልኩ ነበር የምጨነቀው።»