የታንኩ ሽምግልና

ሚስትየዋ ሽማግሌ የጠራችው፣ ባሏ በሪሞት የሚነዳ የአሻንጉሊት ታንክ እገጣጥማለሁ ብሎ ሳሎን ውስጥ ከመሸገ በኋላ ነው። ሰውየው በሕይወቱ የበር እጀታ እንኳ ጠግኖ አያውቅም። ታንኩን ይገጥማል፣ ሪሞቱን ይጫናል፣ ታንኩ ንቅንቅ አይልም፤ እንደገና ይፈታዋል። እራቱን እንኳ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይበላል።

«ወይ እኔን ወይ ታንኩን ይምረጥ!» አለች።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ገቡና በሩን ዘጉ። እሷ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። መጀመሪያ ተግሣጽ ተሰማ። ከዚያ ጫጫታው ቀለጠ።

«እስቲ ወዲህ በለው!»

«ኧረ ሰንሰለቱን ገልብጠኸዋል!»

«መነጽሬን አቀብሉኝማ!»

ሲመሻሽ በሩ ተከፈተ። ዋናው ሽማግሌ፣ ጋቢያቸው ሙጫ በሙጫ ሆኖ፣ ኮስተር ብለው ወጡ።

«ልጄ፣ ጉዳዩን አገላብጠን አየነው። ባልሽ ጥፋት የለበትም፤ አንዲት ትንሽ ማርሽ ጠፍታበት ነው። እስክትገኝ እኛም እዚሁ ነን። በይ እራት አቅርቢ።»

ሚስትየዋ ወለሉ ላይ የተንበረከኩትን ወንዶች አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ እጇን ጡት መያዣዋ ውስጥ ከታ ማርሿን አወጣች።