ስቲከሩ

ዳጎቤርቶ በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ፣ እዚያው ምግብ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር እየገጣጠመ ይሸጣል። ርካሽ የቻይና ማዘርቦርድ ላይ ከተጣለ ሰርቨር የተነቀለ ፕሮሰሰር ይሰካል፤ አንጀት የሚያርስ ማሽን ይወጣዋል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለጎረቤቱ ልጅ ለጃይልሶን ሲሠራ ትርፍ አጓጉቶት ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ፓወር ሰፕላይ የማይረባ ገጠመ። ከተበላሸ የታወቀ ፋብሪካ ፓወር ሰፕላይ ላይ የፋብሪካውን ስቲከር ልጦ ለጠፈበት። ስቲከሩን ሲለጥፍ ቤት ውስጥ ብቻውን ነበር። ፓወር ሰፕላዩ የጃይልሶንን ክፍል በእሳት አያይዞ ልጁ ከሞተም በኋላ ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ እንዲያውም ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

ዛሬ የጃይልሶን እናት ዶና ዙልሚራ እንደ ልማዳቸው የበቆሎ ኬክ ይዘውለት መጡ።

"ኮምፒውተር ሥራልኝ እስቲ፣ እንደ በፊቱ ያለ።"

"ለማን ነው እማማ?"

"ለጃይልሶን ነዋ! ለማን ይሆናል?"

ሐዘኑ አእምሯቸውን የነካው መስሎት እጃቸውን ያዘ። "እሺ እማማ፣ እሠራለታለሁ።"

"ተባረክ። ‹ለዳጎቤርቶ ንገሪው፣ አሁንስ ከሌላ ዕቃ ላይ ስቲከር ልጦ እንዳይለጥፍብኝ› ብሎ እየሳቀ ነው የላከኝ። ምን ማለቱ ነው ልጄ?"