እስክጨርስ ማንም አያቋርጠኝ

የሞተ ሰርቨር በአንድ ሳል ብቻ የማስነሳ ሰው ነኝ። ያን ቀን ያስቸገረን፣ ከርነል በሚባለው የኮምፒውተሩ እምብርት ውስጥ ሆኖ ፋይል ወደ ዲስክ የሚጽፈው ኮድ ነበር። ጽፎ ሳይጨርስ ሌላ ሥራ ገፍትሮት ይገባና ፋይሉ ይበላሻል። እኔም መጀመሪያው ላይ «እስክጨርስ ማንም አያቋርጠኝ» የምትል ትእዛዝ ሰካሁ።

ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ሻይዋን ይዛ አየችው።

«ዘጋህ እሺ፣ መልሰህ የምትከፍተውስ የታለ? እንዲህ ከተውከው እኮ ሌላው ሁሉ ተገትሮ ይቀራል።»

«እህትዬ፣ እኔን ነው የምታስተምሪው? እኔን ያየ ስህተት ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚወጣው» አልኩና ኮዱን አስኬድኩት።

ወዲያው ስልኬ ጠራ፤ ትንሿ ልጄ ናት።

«አባዬ፣ ልጆቹ ሁሉ ሄደዋል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ብቻዬን ነኝ። አንተ መቼ ነው የምት»

ድምጿ እዚያው ላይ ቆመ። መስመሩ ግን አልተቋረጠም።

ቀና ስል ባልደረባዬ ብርጭቆዋን ከንፈሯ ላይ እንዳደረገች ቀርታለች። ያመለጣት የሻይ ጠብታ አገጯ ሥር አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ሮጬ በሩን ገፋሁት፤ ግድግዳ የገፋሁ ያህል ነው።

የጎደለችው አንዲት የመክፈቻ መስመር ናት። ተመልሼ ተቀመጥኩና መጻፍ ጀመርኩ። ቁልፎቹ ከጣቴ ሥር ይወርዳሉ፣ ስክሪኑ ላይ ግን አንድም ፊደል አልወጣም።

ለካ ኪቦርዱም እኔ እስክጨርስ ወረፋ እየጠበቀ ነው።