የተፈለፈለው ሙጫ

የኮምፒውተር ደህንነት ባለሙያዋ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያውን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ጀርባ ስትዳብስ፣ ትናንት በሙጫ የደፈነችው ቀዳዳ ተፈልፍሎ የስልክ ገመድ ተሰክቶበት አገኘችው። ደሟ ፈላ። ከተማው በሚጠጣው ውሃ ውስጥ ስንት ክሎሪን እንደሚጨመር የሚወስነው ይህ ኮምፒውተር ነው፤ ቫይረስ ያለበት ስልክ ከተሰካበት ግን ሌላ ሰው ከሩቅ ሆኖ እንዳሻው ያሽከረክረዋል። ይህን ለተረኞቹ ስንቴ ነገረቻቸው! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

«ጋሼ፣ ማን ነው የፈለፈለው?»

«እኔ ነኝ፣ በቢላ» አሉ ሽማግሌው ተረኛ፣ ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ካለው የፓምፖቹ ምስል ሳይነቅሉ። «የግድግዳው ሶኬት ከተቃጠለ ሰነበተ።»

«ስልክዎ ቢዘጋ ሰማይ ይደፋል?»

«ይደፋል እንጂ! ‹የተሰካ ነገር አለ ወይ› እያልሽ ስትደውዪ ባትሪውን የምትጨርሺው አንቺ፤ ሳላነሳ ስቀር ለአለቃ የምትናገሪብኝም አንቺ!»

ገመዱን መንጭቃ ነቀለችው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላትና ቀና አለች።

«ቆይ፣ ዛሬ ጠዋት ስደውልልዎ ‹ኧረ ምንም የተሰካ የለም› አላሉኝም?»

«ብያለሁ» አሉ ወገባቸውን እያሻሹ። «ገመዱ አጭር ስለሆነ እዚሁ አጎንብሼ ነው ያናገርኩሽ።»