የሁለት ሰው ጉባኤ

እጅ ማውጣት ከቀረ ወዲህ፣ በስብሰባ ላይ የልብን አንብቦ ድምፅ የሚሰጠው አምባር ነው፤ ሲደግፉ አረንጓዴ፣ ሲቃወሙ ቀይ ይበራል። ዛሬ በኮንዶሚኒየሙ ጉባኤ፣ መልከ መልካሙ ሱራፌል ስለ ውሃ ታንከር ሊናገር ገና ሲነሳ የስንዱ አምባር አረንጓዴ በራ። ባሏን ደምሰውን ቅናት አንገበገበው።

ቤት እንደገቡ፣ "አፉን ሳይከፍት ደገፍሽው!" አላት።

"ጀሪካን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ የምወጣው እኔ አይደለሁ እንዴ?"

"እሺ፣ ጉባኤ ጠርቻለሁ።"

"ለሁለት ሰው?"

"ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። የውሳኔ ሐሳብ፦ ስንዱ ባሏን ትወዳለች።"

አምባሯ ወዲያው አረንጓዴ በራ። ደምሰው እፎይ ብሎ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ።

ስንዱ ግን ወደ ኋላ ሸሸት አለች። በተዘረጋው እጁ ላይ ያለው አምባር ቀይ በርቷል።